ጆንያው ላይ ያልተጻፈው፦ ከሐዋሳ ለመኖ ተቆጣጣሪዎችና አቀነባባሪዎች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

የእንስሳት መኖ ጥራትን ለምትቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶች፣
መኖ ለምታቀነባብሩና ፕሪሚክስ (መኖ ውስጥ የሚገባውን የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል ዱቄት) ለምታስመጡ ሁሉ፣

እንደምን ከረማችሁ። እኔ ታቦር ተራራ አጠገብ ኮክ ከሚባለው ዝርያ ሁለት መቶ እናት ዶሮዎች የማረባ ሰው ነኝ። እንቁላላቸውን በትንሽ ማሽን አስፈለፍላለሁ፣ የአንድ ቀን ጫጩት እሸጣለሁ። ትልቅ እርሻ እንዳይመስላችሁ። የቆርቆሮ ቤት፣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ፣ አንድ መፈልፈያ፣ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ጄኔሬተር። ይኸው ነው።

የምጽፍላችሁ ስለ ጥቃቅን ማዕድናት ነው። ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ መዳብ፣ ሴሌኒየም፣ አዮዲን። የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ መሰላችሁ አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። አንዲት እናት ካርቶን ይዘው በሬ ላይ እስከቆሙበት ቀን ድረስ።

ሃምሳ ጫጩት ከእኔ ከወሰዱ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። ዘጠኝ ጫጩቶች በእግራቸው ሳይሆን በቋንጃቸው ቁጭ ብለዋል። ዓይናቸው ንቁ ነው፣ ይበላሉ፣ ይጮሃሉ። መቆም ግን አልቻሉም። አንዷን አነሳኋት። የግራ እግሯ ማጠፊያው እንደተነቀለ በር ወደ ጎን ዞሯል። መገጣጠሚያው አብጦ ጠፍጠፍ ብሏል። በጣቴ ከኋላ ስዳብሰው በቦዩ ውስጥ መሄድ የነበረበት ጅማት ወደ ጎን ተንሸራቶ ወጥቷል። በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ መለስኩት፤ ገባ። ለቀቅ ሳደርገው ተመልሶ ወጣ።

«አንተ ልጅ፣ ጫጩት ነው የሸጥክልኝ ወይስ ሸክም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። ጫጩቶቹን ግን ማን ይመልሳቸዋል?

እውነቱን ለመናገር ምልክቱ ከዚያ በፊትም ነበር፤ ልብ አላልኩትም እንጂ። ድሮ ፍሬ ካለው እንቁላል ከአሥሩ ስምንቱ፣ ሲቀናኝ ዘጠኙ ይፈለፈልልኛል። ያኔ ወደ ስድስት ወርዶ ነበር። መብራቱን ረገምኩ፣ ማሽኑን ረገምኩ። እትዬ ከሄዱ በኋላ ጋዜጣ ዘርግቼ ያልተፈለፈሉትን አንድ በአንድ ሰበርኳቸው። ሽታውን አትጠይቁኝ። ብዙዎቹ አድገው የጨረሱ ናቸው፤ ሊወጡ አንድና ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው የሞቱት። እግራቸው አጭርና ወፍራም፣ ጭንቅላታቸው ክብ፣ ምንቃራቸው እንደ በቀቀን ወደ ታች የታጠፈ።

የማውቀው የእንስሳት ሐኪም መጣ። «መጀመሪያ ማሽንህን አሳየኝ» አለ። ሙቀቱን አየ፣ 37.5 ነው። እርጥበቱን አየ፣ እንቁላል አገላባጩን አየ። ደህና ነው። ቀጥሎ «መኖህን» አለ። ጆንያውን አመጣሁለት። የተሰፋበትን ወረቀት አነበበ። ፕሮቲን ይህን ያህል፣ ኃይል ይህን ያህል፣ ካልሲየም ይህን ያህል። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር፦ «ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበታል»።

«የትኛው ማዕድን? ስንት? በምን መልክ?» አለኝ። እኔን ሳይሆን ወረቀቱን የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ይህ ደብዳቤ የዚያ ጥያቄ ቅጂ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ለገበያ የሚሆን እንቁላልና ጫጩት የሚወጣበት እንቁላል ላያቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን ለየቅል። ለጥብስ የሚሰበረው እንቁላል ማንጋኒዝ ቢያንሰው የሚያውቅ የለም። ዶሮዋም መጣሏን አታቆምም፣ ጤነኛ መስላ ትኖራለች። ጫጩቱ ግን 21 ቀን ሙሉ ቅርፊት ውስጥ ተዘግቶበታል። ከውጭ የሚገባለት አየር ብቻ ነው። ለአጥንቱ፣ ለላባው፣ ለደም ሥሩ የሚያስፈልገው ሁሉ ቀድሞ ተቋጥሮ መግባት አለበት። ዚንኩ፣ ብረቱና ማንጋኒዙ በአብዛኛው አስኳሉ ውስጥ ነው ያለው። ጫጩቱ ሊወጣ ሲል የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ ይስበዋል፤ ከወጣም በኋላ ለጥቂት ቀናት ከዚያው ይመገባል። እናቲቱ ያልቋጠረችውን ስንቅ ከየትም አያመጣውም።

እግሩ ላይ ያየሁት የማንጋኒዝ እጥረት ዋና ምልክት ነው። ታሪኩ የቆየ ነው። አሜሪካኖቹ ዶሮን ከግቢ አንስተው ቤት ውስጥና ሽቦ ላይ ማሳደግ ሲጀምሩ ይኸው የቋንጃ መውለቅ አስቸገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዊልገስ፣ ኖሪስና ሂውዘር የሚባሉ ተመራማሪዎች ማንጋኒዝ ሲጨመር በሽታው እንደሚቀር አሳዩ። ካልሲየምና ፎስፈረስ ሲበዛ ደግሞ ነገሩ እንደሚብስ በዚያው ዘመን ታወቀ። ይህቺኛዋን ሳነብ ፊቴ ቀላ።

ለምን መሰላችሁ? ከዚያ ሁሉ በፊት ቅርፊቱ ሲሳሳብኝ እኔ ምን አደረግሁ? ኖራ ድንጋይ ጨመርኩ። ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ቅርፊት ሲሳሳ ካልሲየም አነሰ እንላለን። ቅርፊት ግን ካልሲየም ብቻ አይደለም። ካልሲየሙ የሚደረደርበትን መሠረት ለመሥራት ማንጋኒዝ ያስፈልጋል። ካርቦኔቱን የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ደግሞ ዚንክ ካልያዘ አይሠራም። እኔ ማንጋኒዝ ባነሰበት ላይ ኖራ ደፍቼ ያለችውንም ማንጋኒዝ አንጀቷ እንዳይቀበላት አደረግሁ። የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ግን ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ቢሆን እጄ ወደ ኖራው ከመሄዱ በፊት ዓይኔ ወረቀቱን ያይ ነበር።

ሌሎቹንም ቶሎ ቶሎ ልንካቸው። ዚንክ ሲያንስ ላባ ይሳሳል፣ ይበጣጠሳል፣ የእግር ቆዳ ይሰነጣጠቃል፤ ሲብስ እንቁላል ውስጥ እግርና ክንፍ የሌለው ሽል ይገኛል። መዳብ ሲያንስ የደም ሥር ግድግዳ ይላላል፤ ሽሉ ገና በ3ኛው በ4ኛው ቀን ደም ፈሶት ይሞታል። በ7ኛው ቀን በመብራት ስታዩት የደም ቀለበት ሆኖ የሚታየው አንዳንዴ ይህ ነው፤ ሌላ ምክንያትም አለውና ሁሉንም በመዳብ አታሳቡ። ሴሌኒየም ከቫይታሚን ኢ ጋር የሚሠራ ነው፤ ሁለቱም ሲያንሱ ጫጩቱ ቆዳው ሥር ውሃ ይቋጥራል፣ ደረቱና ሆዱ ሰማያዊ አረንጓዴ ይመስላል።

አዮዲን ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እኛን በቀጥታ ይነካናል። አዮዲን ያነሳት እናት ዶሮ እንቁላሏ ቀኑን አልፎ ይፈለፈላል፣ ጫጩቱም አስኳሉን ሳይጨርስ ይወጣል። እዚህ ሁለት ነገር ይገጥማል። አንደኛ፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል አዮዲን ያልገባበት ጨው ለመኖ ይገዛል። «ለዶሮ ነው፣ ምን አለበት» ይባላል። ሁለተኛ፣ አኩሪ አተር ሲወደድ የጎመን ዘር ፋጉሎ ይገባል። ጎመን ዘር ውስጥ ደግሞ የእንቅርት ዕጢ አዮዲንን እንዳይጠቀም የሚያደርግ ነገር አለ። ያልታከመ ጨውና የጎመን ዘር ፋጉሎ አንድ ጆንያ ውስጥ ሲገናኙ አስቡት። ኑግ ይህ ችግር የለበትም።

አንዳንድ ሰው «አያቴ ፕሪሚክስ የሚባል ሳታውቅ ዶሮ ታስፈለፍል ነበር» ይለኛል። ልክ ነው። ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ ታወጣለች ይባላል፤ ከካራው በፊት ግን ብዙ ነገር ታወጣለች። ትል፣ ጉንዳን፣ ቅጠል፣ አፈር። የአያቶቻችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፣ ስንቁንም ቀስ ብላ ትቋጥራለች። የእኔ ኮክ ከዚያ በሦስት እጥፍ ትጥላለች፤ የምትጭረው ግን ሰጋቱራ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የዓሣ ሆድ ዕቃ እየለቀመ የሚውለው አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ከእሷ የተሻለ የማዕድን ምንጭ አለው። ጭራ እንዳታወጣ ዘግተንባታል፤ እንግዲህ ጆንያው ውስጥ ያለው ነው ዕጣዋ።

ጆንያው ውስጥ ያለው ደግሞ በአብዛኛው በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። በቆሎ ማንጋኒዝ የለውም ማለት ይቻላል። ፉርሽካ ውስጥ አለ፣ ዚንክም አለ፤ ግን እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፣ ዚንኩን አጥብቆ ይዞ አንጀት ውስጥ አይለቅም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በፕሪሚክስ ላይ ይወድቃል። በኩንታል ግማሽ ኪሎ የምትገባ ዱቄት ላይ።

ልኩን በጤፍ ላስረዳችሁ። የእናት ዶሮ መኖ በኪሎ ወደ 100 ሚሊግራም ዚንክና ከ100 እስከ 120 ሚሊግራም ማንጋኒዝ እንዲኖረው ይመከራል። በኩንታል ሲሰላ ከእያንዳንዱ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ። ሴሌኒየም ግን በኪሎ 0.3 ሚሊግራም ነው። በኩንታል 30 ሚሊግራም፣ የመቶ የጤፍ ፍሬ ክብደት ገደማ። ይህች ነገር ኩንታል ሙሉ በቆሎ ውስጥ እኩል መዳረስ አለባት። በአካፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ተቀላቅሏል» ማለት እንዴት ይሆናል? ቢያንስ ፕሪሚክሱን መጀመሪያ ከጥቂት ኪሎ ዱቄት ጋር ደባልቆ ከዚያ ወደ ትልቁ መጨመር ሙያ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሽሮ ስንበጠብጥም እንዲህ ነው የምናደርገው።

ከልኩ ሌላ መልኩም አለ። ዚንክ በኦክሳይድ መልክም በሰልፌት መልክም ይሸጣል። ኦክሳይዱ ከክብደቱ ከ70 በመቶ በላይ ዚንክ ነው፤ ሰልፌቱ 36 በመቶ አካባቢ። ኦክሳይድ ርካሽ ነው፣ ቦታም አይፈጅም። ዶሮዋ በተሻለ የምትወስደው ግን የሰልፌቱን ዚንክ ነው። ማንጋኒዝም እንደዚሁ። የመዳብ ኦክሳይድ ደግሞ ጭራሽ ለዶሮ ምንም ያህል አይጠቅማትም፤ በላይኛው ገብቶ በታችኛው ይወጣል። ስለዚህ አንድ አስመጪ ቁጥሩን ሳይዋሽ «መዳብ አለበት» ሊል ይችላል። ቤተ ሙከራም ቢሆን ጠቅላላውን ዚንክ ይለካል እንጂ ከየትኛው እንደመጣ አይነግራችሁም። መልኩ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ የትም አይገኝም።

የመኖ መደብር ሄጄ ይህን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ወንድሜ፣ ፕሪሚክስ ያው ፕሪሚክስ ነው» የሚል ነበር። ከትልቅ ከረጢት ተቀንሶ በፌስታል የታሰረ ነው። የተመረተበት ቀን የለም። ማዕድናቱ ከቫይታሚኖቹ ጋር አብረው ሲቆዩ ቫይታሚኖቹን እንደሚያበላሹ ታውቃላችሁ፤ ቀን ያልተጻፈበት ፕሪሚክስ ማለት ባዶ ሊሆን የሚችል ፕሪሚክስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የእኔ ዶሮዎች በቀን 24 ኪሎ ይበላሉ። አንድ ኩንታል አራት ቀን ነው የሚቆየው። ዛሬ ጉድለት ያለበት ጆንያ ከፈትኩ እንበል። አንድ አስኳል ሞልቶ እስኪጣል አሥር ቀን ገደማ ይወስዳል። እንቁላል እስኪጠራቀምልኝ ሳምንት። ማሽን ውስጥ 21 ቀን። እግሩ ወልቆ ካርቶን ውስጥ እስኪታይ ሌላ አሥር ቀን። 48 ቀን ሆነ። በዚህ መሃል 11 ኩንታል ተኩል ተበልቷል። ጥፋተኛው ጆንያ ከታጠበ ቆይቷል፤ ምናልባት የጎረቤት ድንች ተሞልቶበታል። እኔ ምን ይዤ እናንተ ዘንድ ልምጣ? የመኖ ሻጩ «ማሽንህ ነው» ይለኛል። እናቲቱ «ጫጩትህ ነው» ይሉኛል። ሁለቱም የሚሉኝን ልክ አለመሆኑን ማሳየት አልችልም። ቋንጃ ደግሞ በሌሎች ንጥረ ነገሮች፣ በኮሊን፣ በባዮቲን፣ በፎሊክ አሲድ እጥረትም ይወልቃል፤ እና እርግጠኛ ነኝ ብዬ መማልም አልችልም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ኖራውን ወደ ልኩ መለስኩ፣ መልኩና ልኩ የተጻፈበት ፕሪሚክስ ከሌላ ከተማ አስመጣሁ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ መፈልፈሉ ወደ ስምንት ተመለሰ፣ የወለቀ ቋንጃም ቀረ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንኑ 48 ቀን የሚሸፍን ነገር ነው። መኖ አቀነባባሪው ከየእያንዳንዱ ቅልቅል አንድ ኪሎ ናሙና ቀን ጽፎበት ለሦስት ወር ያስቀምጥ። ጆንያው ላይ እያንዳንዱ ማዕድን በኪሎ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና ሰልፌት ይሁን ኦክሳይድ ይጻፍ። አንድ ተጨማሪ መስመር ቀለም ነው። የእናት ዶሮ መኖ ደግሞ ራሱን ችሎ ይሸጥ፤ አሁን የሚሸጥልን የእንቁላል ጣይ መኖ ነው፣ «ያው ነው» እየተባልን። ያው አይደለም፤ አንዱ ለድስት ነው፣ አንዱ ለነፍስ።

ናሙና ይዘን የምንሄድበት በርም ያስፈልገናል። ሐዋሳ ከእ.ኤ.አ. 1976 ጀምሮ የግብርና ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት። ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ መዳብና ብረትን የሚለካው ማሽን የአፈር ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው፤ ሰማይ የራቀ ቴክኖሎጂ አይደለም። በነጻ አላልኩም። እከፍላለሁ። የአንድ ካርቶን ጫጩት ዋጋ ከመመለስ ይሻለኛል።

«ዋጋ ይጨምራል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የመኖን ዋጋ የሚሰቅሉት በቆሎና አኩሪ አተር ናቸው። ጥቃቅን ማዕድናት ከወጪው ውስጥ ድርሻቸው እንደ ስማቸው ጥቃቅን ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ጫጩት በየቤቱ እየገባ ነው፤ ደስ ይላል። ያ ሁሉ ጫጩት ግን ከአንዲት እናት ዶሮ እንቁላል ነው የሚወጣው። ጫጩት ስናከፋፍል ቁጥር እንቆጥራለን። እናቷ ምን በላች ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ይህን የምታነቡ የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ፈርታችሁ ፕሪሚክሱን እጥፍ እንዳታደርጉት። ሴሌኒየም እ.ኤ.አ. እስከ 1957 ድረስ በመርዝነቱ ብቻ ነበር የሚታወቀው፤ መርዝነቱ አሁንም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኬስተርሰን በሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ ሴሌኒየም በዝቶ የዱር ወፎች ዓይንና እግር የሌላቸው ጫጩቶች ፈልፍለዋል። በሚያስፈልገውና በሚጎዳው መሃል ያለው ርቀት አጭር ነው። በዓይን ግምት የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ለዚህም ነው ቁጥሩን የምንለምነው።

እኔ እስከዚያው የአቅሜን ጀምሬያለሁ። አዲስ ጆንያ በከፈትኩ ቁጥር አንድ ኪሎ እቀንስና ባዶ የለውዝ ቅቤ ዕቃ ውስጥ ከትቼ ክዳኑ ላይ ቀኑን በስክሪብቶ እጽፋለሁ። እስካሁን አሥራ አራት ዕቃ ሆኗል። ባለቤቴ መደርደሪያዋን መልስልኝ እያለች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከዚያ ክፉ መኖ የተረፉ ናቸው፤ ሐኪሙ ነው አስቀምጥ ያለኝ። ማሽኑ ውስጥ ያለው እንቁላል ዛሬ 18ኛ ቀኑ ነው፣ ሐሙስ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነጻ ነኝ። የትኛው ቢሮ፣ ስንተኛ ፎቅ ላምጣቸው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሐዋሳ ጫጩት አስፈልፋይ